ቅጠሏ አልሞተችም፤ ግን አላደገችም!

ትንሽ አፍሬ ነው የሰነበትኩት። ለምን እንዳፈርኩ እነግራችኋለሁ።

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የልብ ጉዳይ ናቸው። «ጥላኝ ሄደች፤ ምን ላድርግ?»፣ «ሁለት ሰው ጠይቆኛል፤ የቱን እሺ ልበል?» የሚሉ ዓይነት። ታዲያላችሁ የካቲት ላይ አንድ ወፈር ያለ ፖስታ ደረሰኝ። ከፈትኩት። ሦስት ገጽ ሙሉ የተጻፈው ስለ ቅጠል ነው! አዎ፣ ሳሎን ውስጥ ስለሚቀመጥ ቅጠል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ ከዚሁ ጋዜጣ ተቆርጣ የተለጠፈች አንዲት ቁራጭ አየሁ። የራሴው ጽሑፍ ናት።

እስቲ እናንተም አንብቡት። ርዝመቱን ቀንሼዋለሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁም አንዳንድ ነገር አውጥቻለሁ።

«እናቴ ያረፈችው በ2015 ዓ.ም. ነው። አራት ልጆች ነን፤ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ሳሎናችን ውስጥ እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ የተከለቻት አንዲት የምትሳብ ተክል ነበረች። ቅጠሏ የልብ ቅርጽ ያለው፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ የተረጨበት ዓይነት። ከቡፌው አጠገብ ተነሥታ፣ ምስማር ላይ በታሰረ ክር እየተያዘች፣ በአባዬ ፎቶ ሥር አልፋ፣ በሩን ዞራ ተመልሳ ቡፌው ጋ ደርሳ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ላይ ቆማ ቅጠል በቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላታለች። ‹ይቺ አምስተኛዋ ልጄ ናት› ትል ነበር።

«ቤቱ ባለፈው መስከረም ተሸጠ። ዕቃ ስንካፈል ቡፌው ለአንዱ፣ ፍሪጁ ለአንዱ፣ ረከቦቱ ለእኅቴ ሆነ። ተክሏን ያስታወሰ የለም። እኔ ሳነሣ ታላቅ ወንድሜ ‹አሁን ቅጠላ ቅጠል ይዘሽ የት ልትደርሺ ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። በገንዘቡ ነገር ቀድሞም ቅር ተሰኝተን ስለነበር የማይባለውን ተባባልን። እስካሁን አንነጋገርም።

«በመጨረሻው ቀን የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ጥሩምባ እየነፋ የአንቺ ጽሑፍ ትዝ አለኝ። ‹አንዲት ቅጠል ቀጥፋችሁ ውኃ ውስጥ ብታስቀምጡ ሥር ታወጣለች፤ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም› ብለሽ ነበር። ሮጬ ሰባት የሚያማምሩ ቅጠሎች ቀጠፍኩ። አራቱ በሰበሱ። ሦስቱ ግን ሥር አወጡ! ደስታዬን አትጠይቂኝ። አፈር ውስጥ አዛወርኳቸው። ይኸው ከተቀጠፉ አምስት ወር ሆናቸው። አልሞቱም። አላደጉምም። አንድም አዲስ ቅጠል የለም። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አያቸዋለሁ፤ እዚያው ናቸው። ምን አጠፋሁ? ውኃ አነሳቸው? አፈሩ ነው? ወይስ እናቴ አዝናብኝ ነው?»

አያችሁ? እናቷ አላዘነችባትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

እንዴት እንደተሳሳትኩ ልናገርና ይውጣልኝ። ያቺ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብላ የምትቆመዋ፣ ዳሯ ቢጫ የሆነችው፣ በየቢሮው ጥግ የማትጠፋው ተክል አለች አይደል? ሳንሲቬሪያ የሚሏት። የሷን ቅጠል ከመሐል ቆርጬ ውኃ ውስጥ አስቀምጬ፣ ሥር አውጥታ፣ ቆይታም ከጎኗ አዲስ ቅጠል ወልዳልኝ ነበር። (ቢጫው ዳሯ ግን ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆና ነው የበቀለችው፤ ከቅጠል ቁራጭ ስትራባ እንዲህ ታደርጋለች።) ታዲያ እኔ የአንዷን ጠባይ ለሁሉም ሰጠሁና «አንዲት ቅጠል ይበቃል» ብዬ ጻፍኩ። ከቅጠል ብቻ የሚራቡ ተክሎች አሉ፤ ሳንሲቬሪያ አንዷ ናት፤ አፍሪካን ቫዮሌትም እንዲሁ። የእናትየዋ ሐረግ ግን ከነሱ ወገን አይደለችም። ሰው ምክር ሲሰጥ ያየውን ብቻ ቢናገር ስንት ጣጣ ይቀር ነበር!

ደብዳቤውን ይዤ ሁልጊዜ ችግኝ ወደምገዛቸው ሰውዬ ሄድኩ። መንገድ ዳር ነው የሚሸጡት፤ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል።

«ጋሼ፣ ቅጠል ሥር አውጥቶ ለምንድነው የማያድገው?»

«ከነሐረጉ ነው የተቆረጠው?»

«አይ፣ ቅጠሉ ብቻ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሸንኮራ በቅጠሉ ሲተከል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አለቀ። በአንድ አረፍተ ነገር አስተማሩኝ። ሸንኮራ የበላ ሁሉ አንጓ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያ ጥርስ የሚያስቸግረው ጠንካራው ቀለበት ነው። ገበሬ ሸንኮራ ሲተክል አገዳውን ከነአንጓው ቆርጦ አፈር ውስጥ ያጋድመዋል፤ ቡቃያው የሚወጣው ከአንጓው ነው። ስኳር ድንችም በሐረጉ ቁራጭ ይተከላል። የሳሎኗም ሐረግ ሕጓ ያው ነው።

ቤታችሁ ካለች አሁኑኑ ተነሡና ዳብሷት። ቅጠሏ በቀጭን ዘንግ ከሐረጉ ጋር የምትገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ያበጠ ቀለበት ታገኛላችሁ። አንጓው እሱ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቡናማ ጉጥ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው በሽታ መስሎት ይፍቀዋል፤ ገና ያልወጣ ሥር ነው። ሁለተኛው በቅጠሉ ዘንግና በሐረጉ መካከል፣ ብብት በሉት፣ የተኛች አንዲት ጥቃቅን ቡቃያ ናት። አዲስ ሐረግ የሚነሣው ከዚያች ቡቃያ ብቻ ነው። ቅጠሏን በዘንጓ ይዛችሁ ስትቀጥፉ ቡቃያዋ ሐረጉ ላይ ትቀራለች። እጃችሁ ላይ የቀረችው ቅጠል አረንጓዴ ናት፤ ብርሃን ታገኛለች፤ ምግቧን ትሠራለች፤ ከቀናትም ሥር ታወጣለች። ግን የምታድግበት ነገር የላትም። አንድ ቀን አርጅታ ቢጫ ትሆናለች፤ በቃ። ውኃም አፈርም ማዳበሪያም አይለውጧትም።

ደብዳቤው ላይ ስልክ ነበረበት። ይህን በጽሑፍ ከመንገር በቃል ልንገራት ብዬ ደወልኩ። ማንነቴን ስነግራት ሳቀች፤ ነገሩን ስጨርስ ግን ዝም አለች። ረጅም ዝምታ።

«ልጣላቸው እንግዲህ?» አለችኝ።

«አትጣያቸው። ቅጠልነታቸው ቅጠል ነው፤ እስካሉ ይኑሩ። ግን አትጠብቂያቸው። ቤቱ አልፈረሰም?»

«አልፈረሰም። ሰው ገብቶበታል።»

«እንግዲያው ሂጂና አንኳኪ።»

«ምን ብዬ? ‹ቤቱን ሸጬላችሁ ቅጠሌን ረሳሁ› ብዬ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ብለሽ።»

ልጅቷ ዐይናፋር ናት፤ እንዲያውም ያ ሰፈር ውስጥ ካለቀሰችበት ቀን ወዲህ ዞራ እንዳላየችው ነገረችኝ። ሰፈሯን የለቀቀ ሰው ያውቀዋል፤ በሩ ያው በር ሆኖ ሌላ ሰው ሲከፍተው ማየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተነጋገርን። እሑድ ከሰዓት ትሄዳለች፤ ባዶ እጇን አትሄድም፤ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ትይዛለች። የምትጠይቀው ሙሉ ተክሉን አይደለም፤ አንድ ክንድ ሐረግ ብቻ ነው። ለባለቤቶቹም ተክሉ እንደማይጎዳባቸው ትነግራቸዋለች፤ እውነትም አይጎዳም፤ ጫፉ የተቆረጠ ሐረግ ከቀሩት አንጓዎች አዲስ ያበቅላል፣ እንዲያውም ይደድራል። ስለት ያለው ቢላ ትይዛለች፤ ቢላው በአልኮል ወይም በፈላ ውኃ ይጸዳል። በጥርስ በጥፍር ማድቀቅ የለም፤ የደቀቀ ቁስል ይበሰብሳል።

አንድ ጥያቄም ጠየቀችኝ። «ግን ቁራጩ ሲበቅል የእናቴ ነው የሚሆነው ወይስ ልጁ?»

መልሱ እኔንም ስላስገረመኝ ትንሽ ልቆይበት። ይቺ ተክል በብዙ ቦታ ፖቶስ ትባላለች፤ መኒ ፕላንት የሚሏትም አሉ፤ የሳይንስ ስሟ ኤፒፕሬምነም አውረም ነው። የትውልድ አገሯ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከታሂቲ አጠገብ ያለችው ሞኦሬአ የምትባል ደሴት ናት። እዚያ ዛፍ ላይ ስትወጣ ቅጠሏ እንደኛ ሳሎን መዳፍ አያክልም፤ ትልቅ ሰፌድ ያክላል። ምሁራን ስም የሰጧት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሟን ደጋግመው ቀያይረውታል። ምክንያቱም ተክልን ለመመደብ አበባዋን ማየት ያስፈልጋል፤ ይቺ ደግሞ አታብብም። ሰው በሚያሳድጋት ቦታ በራሷ አበበች ተብሎ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ ለማበብ የሚያስፈልጋትን ጅበሪሊን የተባለ ሆርሞን ራሷ መሥራት አትችልም። ሆርሞኑን ከውጭ ሲረጩላት አበበች።

እንግዲህ አበባ ከሌለ ዘር የለም። ዘር ከሌለ ደግሞ በየሳሎኑ፣ በየባንኩ፣ በየፀጉር ቤቱ የምታዩዋት ፖቶስ ሁሉ ከደሴቷ ተነሥታ እዚህ የደረሰችው አንዱ ሰው ከሌላው ቆርጦ እየወሰደ ነው ማለት ነው። (የዛሬዎቹ ትላልቅ አምራቾች በቤተ ሙከራም ያራቧታል፤ እሱም ቢሆን ከዘር አይደለም።) የልጅቷ እናትም ከአንዷ ጎረቤት ወይም ከአንዷ ዘመድ አንድ ቁራጭ ለምነው ይሆናል የተከሉት። ስለዚህ ቁራጯ የተክሏ ልጅ አይደለችም። ራሷ ናት፤ ሌላ ጣሳ ውስጥ ገባች እንጂ። ይህን ስነግራት «እንግዲያው እሄዳለሁ» አለች።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ታለቅሳለች።

የሆነው እንዲህ ነው። በሩን የከፈቱት አንዲት እናት ናቸው። ጉዳዩን ስትነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለገና ሳሎኑን ቀለም ሲያስቀቡ ሐረጉን ከግድግዳው አውርደው ከነጣሳው ጓሮ፣ ከሮቶው ኋላ አስቀምጠውታል። የታኅሣሥና የጥር ብርድ ቅጠሉን አርግፎታል። የቀረው ጣሳ ውስጥ የተጠቀለለ ገመድ የመሰለ ነገር ነው። «ደርቋል ብለን እኮ ነው ልጄ፤ ሳንጥለው የቆየነውም ስንፍና ይዞን ነው» አሏት። ከዚያ «ግቢ፣ ቡና ላፍላ» ብለው አስገቧት።

«አንድም ቅጠል የለውም» አለችኝ በስልክ። «አልቋል።»

«ቆይ። በጥፍርሽ ቆዳውን ጫር አድርጊው። ከሥሩ ምን ቀለም ነው?»

«... አረንጓዴ።»

«ስትጫኚው ይፈርሳል?»

«አይፈርስም። ጠንካራ ነው። እዚህ ጋ ግን ለስልሷል።»

«የለሰለሰውን ተዪው። ጠንካራው ላይ ስንት አንጓ አለ? ቁጠሪ።»

አሥራ አንድ ቆጠረች።

እኔ ከጋሼ የተማርኩት ሁለተኛው ነገር ይኼ ነው፤ ቅጠል የሌለው አንጓ ሊበቅል ይችላል። ሮቶው ሥር ያለው መሬት ከፍሳሹ የተነሣ እርጥብ መሆኑ ነው ሐረጉን ያተረፈው። አምስት ወር ስትሳሳላቸው የከረመችው ቅጠሎች የትም አይደርሱም፤ ያ ጓሮ የተጣለው ገመድ ግን ሕይወት አለው። ዘጠኙን አንጓ ቁረጪና ሁለቱን ከነሥሩ ጣሳው ውስጥ ተዪላቸው አልኳት። ጣሳውም አሁን የሳቸው ነው፤ ደግሞም አንድ ቦታ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይገኛል። ሴትየዋ ጣሳውን ወዲያው ወደ ቤት አስገቡት።

አሁን አሠራሩን ለሁላችሁም ላስረዳ፤ ባለፈው የበደልኳችሁን ልካስ።

ቅጠል ያለው ጤነኛ ሐረግ ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ወይም ሁለት አንጓ ያለው፣ ቢያንስ አንድ ቅጠል የያዘ ቁራጭ ይበቃል። ከአንጓው በታች ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። ረጅሙን ሐረግ እንዳለ ውኃ ውስጥ መንከር ግን ብልጠት አይደለም፤ ያው አንድ ተክል ነው የሚሆነው፤ ቢቆራረጥ አምስት ስድስት ይወጣዋል። ስትቆርጡ የትኛው ጫፍ ታች እንደነበረ አትርሱ፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ ይቸገራል። ከዚያ ውኃ ውስጥ አስገቡት፤ አንጓው ይጥለቅ፣ ቅጠሉ ከውኃ ውጭ ይሁን። ቅጠል ውኃ ውስጥ ከገባ ይበሰብስና ሁሉን ያገማዋል። ብርጭቆም ይሆናል፤ አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስም ይሆናል። ውኃውን በሳምንት አንዴ ቀይሩ። ከቧንቧ የተቀዳውን አንድ ሌሊት አሳድሩት የሚሉ አሉ፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት የአዲስ አበባ ሰው ግን ጀሪካን ውስጥ ያላደረ ውኃ መቼ አግኝቶ ያውቃል!

ቦታው ብሩህ ይሁን፤ ግን ፀሐይ ቀጥታ አያግኘው። መስኮት አጠገብ፣ ከስስ መጋረጃ ኋላ ጥሩ ነው። ትዕግሥትን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን እወቁ። ሞቃት አገር ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥር ሊያሳይ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይቺ ደግሞ የሞቃት ደሴት ልጅ ናት፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው የምትነቃው። በብርድ ወራት አንድ ወር አለፈ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከቻላችሁ ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጀምሩት። አዳማና ድሬዳዋ ያላችሁ፣ እናንተ ምን ቸገራችሁ።

ሥሩ ሦስት አራት ሳንቲሜትር ሲደርስ ወደ አፈር አዛውሩት። ውኃ ውስጥ ስድስት ወር ማቆየት ያምራል እንጂ ሥሩ ውኃ ለምዶ አፈር ሲገባ ይቸገራል። አፈሩ ቀይ አፈር ብቻ አይሁን፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ቀይ አፈር፣ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ እና አሸዋ ቀላቅሉ። ጣሳው ታች ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ጣሳ የገደለውን ያህል ድርቀት አልገደለም! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አፈሩ ረጠብ ይበል፤ ከዚያ በኋላ ጣታችሁን አስገብታችሁ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። «ማር ቀቡት፣ የቡና አተላ አፍሱበት» የሚሉ ምክሮች ይመጡላችኋል። ፖቶስ ይህን ሁሉ አትፈልግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ቀልድ አይደለም። የዚህች ተክል ፈሳሽ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ፣ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ሕፃን ወይም ድመት ቢያኝካት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፤ ዐይናችሁን አትንኩ። የሚድህ ልጅ ያለበት ቤት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት።

ቅጠል የሌለው ሐረግ ሲሆን አሠራሩ ይለያል። ልጅቷ ዘጠኙን ቁራጭ እያንዳንዱ አንድ አንጓ እንዲይዝ አድርጋ ቆረጠች፤ ቁስሉ ጥቂት ሰዓት አየር አገኘ። ከዚያ እርጥብ አሸዋና ኮምፖስት ላይ አጋደመቻቸው፤ አንጓው ግማሹ ተቀብሮ፣ ቡቃያው ያለበት ጎን ወደ ላይ። ከላይ ስስ ላስቲክ አለበሰችው፤ በየሁለት ቀኑ ትገልጠውና አየር ታስገባለታለች። ቅጠል ስለሌለ ምግብ የሚሠራ የለም፤ ሐረጉ በውስጡ ባለችው ስንቅ ብቻ ነው የሚታገለው። ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ የታጠበ ጨርቅ ተጨምቆ እንደሚኖረው እርጥበት ይሁን አልኳት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ለሰለሱ። በሁለተኛው ሦስት። «እየሞቱብኝ ነው» ብላ ላከችልኝ። የለሰለሱትን አውጪያቸው፣ ሌላውን እንዳይበክሉ፤ ከዚህ በላይ የማደርግልሽ የለኝም አልኳት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ምንም አልላከችም። እኔም ልጠይቃት አልደፈርኩም። ደግሞ እኮ ሁለተኛ ጊዜ ማሳሳቴ ቢሆንስ?

በስድስተኛው ሳምንት ፎቶ ላከች። አሸዋው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር ትታያለች። ቀይ ቀስት ሥላባታለች፣ እንዳላልፋት! ከዚያ በሳምንቱ ሌላ አንድ፤ ከዚያ ሌላ አንድ። አራተኛው ወጥቶ ቀረ። ሦስት ተረፉ ማለት ነው።

ለአራት ልጆች ሦስት ተክል።

እሷም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። «አንዷ የኔ ናት። አንዷን ለእኅቴ። ሦስተኛዋን ለትንሹ ወንድሜ ብሰጥ ታላቁ ‹አውቃ ነው› ይላል። ለታላቁ ብሰጥ ደግሞ የሳቀብኝ እሱ ነው። ምን ላድርግ?»

የቁጥሩ ነገር አያስጨንቅሽ አልኳት። አሁን ምንም አታንቀሳቅሺ፤ አዲስ ቡቃያ ቦታ ሲቀያየርበት ይቆማል። እያንዳንዷ አምስት ስድስት ቅጠል እስክታወጣ ጠብቂ፤ ያኔ ከአንጓ በታች ጫፏን ብትቆርጪ ሦስቱ ስድስት ይሆናሉ። ለወንድምሽ ለአንዱም ለሌላውም ይደርሳል፤ ለኔም ካሰብሽ አልጠላም። ብቻ እስከዚያ ወራት ይፈጃል፤ ክረምቱም እየገባ ነው።

«እስከዚያ ሳንነጋገር እንቆይ?»

ይቺን ጥያቄ በዕውቀት የሚመልስ ሰው አይደለሁም። ስለ ቅጠል ተሳስቼ ስለ ወንድምና እኅት ልምከር? «እንደመሰለሽ አድርጊ፤ እኔ ብሆን ግን ተክሉን አልጠብቅም» አልኳት። እሺም እምቢም አላለችም።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ መልእክቷ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ ሳላውቅ ተክል መስጠት አይቻልም አይደል? ስለዚህ የሳሎኑ መስኮት ወዴት እንደሚመለከት ለማወቅ ነገ ልደውልለት ነው።»